ከደሴ እስከ አሳይታ፦ ለሲራራው መንገድ የቱ አስጎብኚ ይሻላችኋል?

ጥር ላይ ዘመዶቼ ከአዲስ አበባ መጡ። ሰባት ሆነው በአንድ አስጎብኚ ድርጅት በኩል ሙሉ ጉዞ ገዝተዋል። መኪናው፣ ሆቴሉ፣ ምግቡ፣ አስጎብኚው ሁሉ ቀድሞ ተከፍሎበታል። እኔ ደሴ ላይ ተቀላቀልኳቸው። ወረቀታቸውን ሳየው ባቲ የተያዘው ረቡዕ ነው። «ኧረ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው!» ብል አስጎብኚው ፈገግ ብሎ «ፕሮግራሙ ከቢሮ የወጣ ነው» አለኝ።

ረቡዕ ወረድን። ግመል ተራው ላይ ያገኘነው የሰኞን አቧራ፣ አራት ፍየልና ጥላ ሥር የተኛ አንድ ውሻ ነው። የአክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ውሻውን ፎቶ አነሳው። ደርሶ መልስ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ለውሻ።

ከዚያ ወዲህ «ወሎ ልመጣ ነው፣ ጥሩ አስጎብኚ ጠቁመኝ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ስም አልሰጥም። ጥሩ የሚባለው አስጎብኚ እንደምታዩት ነገር፣ እንደ ጓደኞቻችሁና እንደ ኪሳችሁ ይለያያል። እንዴት እንደምትመርጡ ግን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መንገዱ

የሲራራ መንገድ ስል ነጋዴው ጓዙን ጭኖ፣ በነጋድራስ እየተመራ፣ ኬላ ላይ ቀረጥ እየከፈለ የሚጓዝበትን የድሮ መንገድ ማለቴ ነው። በወሎ በኩል አንዱ ቅርንጫፍ ከታጁራ ወደብ ተነስቶ፣ በአውሳ አድርጎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ደጋው ጠርዝ ይወጣል። ወደ ላይ ጨውና ጨርቅ ይወጣል። ወደ ታች ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ይወርዳል። ሰውም ለባርነት ይወርድ ነበር። ይቺን የሚዘላት አስጎብኚ ታሪኩን ግማሽ ነው የሚነግራችሁ።

ጨው ስል የወጥ ጨው ብቻ አይምሰላችሁ። አሞሌ የሚባለው የጨው ጡብ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገንዘብ ነበር። ከጨው ሜዳው እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል፤ በረሃው ላይ ብዙ አሞሌ የሚጠይቀው ዕቃ ደጋ ላይ በጥቂት አሞሌ ይገዛል።

ባቲ ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደበቀለች ለማወቅ ደግሞ ከፍታውን ማየት ይበቃል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባቲ 1,500 ገደማ። አሳይታ 300 ገደማ። ግመል ብርድና ጭቃ ያለበትን አቀበት አይወድም። በቅሎም በረሃ አይሆናትም። ስለዚህ ጭነቱ ከግመል ወርዶ በቅሎና አህያ ላይ የሚጫንበት ቦታ ያስፈልጋል። ያ ቦታ ባቲ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙትም እዚያው ነው። ትዝታና አንቺሆዬ በሚባሉት ቅኝቶች መሀል ባቲና አምባሰልም አሉ፤ ሁለቱም የዚሁ የወሎ ምድር ስሞች ናቸው።

ይህን የግመልና የበቅሎ ነገር ያዙልኝ፤ አስጎብኚ ስንመርጥ እንመለስበታለን።

በምን እንለካቸው?

እኔ የምለካባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው ቋንቋና ሰላምታ ነው። ደሴ ላይ አማርኛ ይበቃል። ባቲ ላይ ኦሮምኛ ያስፈልጋል፤ ግመል ተራ ከገባችሁ ደግሞ አፋርኛ። ሾንኬ ኮረብታ ላይ አርጎብኛ ይነገራል። አስጎብኚው ገበያ ሲገባ ስንት ሰው ስሙን ጠርቶ ሰላም ይለዋል? ማንም ካላለው እሱም እንደናንተ እንግዳ ነው።

ሁለተኛው የመንገድ ወሬ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገድ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ዛሬ ሰላም የሆነው ነገ ላይሆን ይችላል። አስጎብኚው ወሬውን ከማን ነው የሚሰማው? ከፌስቡክ ከሆነ እናንተም ፌስቡክ አላችሁ። ዛሬ ጠዋት ከዚያ ከመጣ ሾፌር ከሆነ ያ ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛው ዕውቀት ነው፤ «አላውቅም» ማለትንም ጨምሮ። አራተኛው ለሙቀት ያለው ዝግጅት ነው። አምስተኛው ውሉ፣ ስድስተኛው ዋጋው።

ዋጋን የመጨረሻ ያደረግኩት ርካሹ ውድ ሆኖ ሲገኝ ስላየሁ ነው። የብር ቁጥርም አልጽፍም፤ ነዳጅ በተነካ ቁጥር ይለወጣል።

በስልክ የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች

ከማንም ጋር ከመስማማታችሁ በፊት ደውሉና እነዚህን ጠይቁ። እንደማያውቅ ሰው ሁኑ።

«ባቲን ረቡዕ ብናየውስ?» «ችግር የለም» ካለ ስልኩን በትህትና ዝጉት። ማለት ያለበት «ሰኞ ካልሆነ ገበያ የለም፤ ሰኞም ጠዋት ነው» ነው።

«ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከባለቤቴ ጋር እገባለሁ?» ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት ትልቅ የትምህርት ቦታ ነው። ሴት አይገባበትም። ይህን አስቀድሞ የማይነግር አስጎብኚ እናታችሁን በር ላይ ያስቀምጣቸዋል።

«ሾንኬ በመኪና እንደርሳለን?» ሾንኬ በከሚሴ አካባቢ፣ በደዋ ጨፋ ወረዳ፣ ኮረብታ ጫፍ ላይ ያለ የአርጎባ መንደር ነው። ቤቶቹ ድንጋይ በድንጋይ ናቸው፤ ተያይዘው የተሠሩ ስለሆነ ከሩቅ አንድ ምሽግ ይመስላሉ። የቆየ የእስልምና ትምህርት ማዕከልም ነው። ትክክለኛው መልስ «የመጨረሻው አቀበት በእግር ነው፤ ጉልበት የሚያማቸው ሰው አሉ?» የሚል ነው። ራሱ መልሶ የሚጠይቃችሁን ሰው ያዙት።

አንደኛ፦ ከአዲስ አበባ ሙሉ ጥቅል

ምቾቱ አይካድም። ስልክ መደወል የለ፣ አልጋ መፈለግ የለ። መኪናው ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ኤሲ አለው፣ ትርፍ ጎማ አለው። ከውጭ አገር የመጡ ልጆች ካሏችሁ እንግሊዝኛው የተስተካከለ አስጎብኚ ታገኛላችሁ። ድርጅቱ ፈቃድ ካለው ቅሬታ የምታቀርቡበት ቢሮም አለ።

ችግሩ ግትርነቱ ነው። ፕሮግራሙ የሚሠራው ወንበር ላይ ነው። ዘመዶቼን የመራው ልጅ ሰነፍ አልነበረም። ላሊበላን እንደ መዳፉ ያውቃል፤ የአሥራ አንዱን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ በቃሉ ይወጣዋል። ባቲ ላይ ግን አንድ ሰው አላወቀውም። ጥላ ሥር የነበረች ሻይ ሻጭ በኦሮምኛ የነገረችንን እንኳ አልተረጎመልንም፤ አልሰማትማ! ላሊበላ ሌላ ጉዞ ነው፣ ይኼ ሌላ።

ይህን ከመረጣችሁ ቀኖቹን ራሳችሁ ቁረጡ። «ሰኞ ባቲ» ብላችሁ ውሉ ላይ አስጽፉ። መንገድ ቢዘጋ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስም አስጽፉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ሁለተኛ፦ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ አስጎብኚ ከኮንትራት መኪና ጋር

እዚህ አስጎብኚውን ለብቻ፣ መኪናውን ለብቻ ትይዛላችሁ። ከባህልና ቱሪዝም ቢሮ የተሰጠ መታወቂያ አሳዩኝ በሉ፤ ያለው ሰው አይቀየምም።

ደሴን፣ ሐይቅን፣ ቦሩ ሜዳን፣ ውጫሌን የሚያህል ቅርብ ዙሪያ ከሆነ የምታዩት ከዚህ የተሻለ የለም። ደሴ የንጉሥ ሚካኤል ከተማ ናት፤ አይጠየፍ አዳራሽን የአገሩ ልጅ ሲያሳያችሁ ከግንቡ ይልቅ ማን የት ይቀመጥ እንደነበር ነው የሚያወራው። ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ተደርጓል። ውጫሌ ያው በ1881ዱ ውል ይታወቃል። በ2014ቱ ጦርነት ጉዳት የደረሰባቸው ቦታዎች ስላሉ የደሴ ሙዚየም ክፍት መሆኑን ሳይደውሉ መሄድ አይገባም። የከተማው ሰው ይህን በአንድ ስልክ ይጨርሰዋል።

ከባቲ በታች ግን አብዛኛው የደሴ አስጎብኚ እንደ በቅሎዋ ይሆናል። እስከ ጠርዙ ድረስ ጎበዝ ነው። ሚሌ ሲደርስ ዝም ይላል፣ መስኮት ያያል፣ ውሃ ይጠጣል።

ስትዋዋሉ አንድ ነገር ለዩ፦ ነዳጅ በማን ነው? የሾፌሩ አልጋና አበል በማን ነው? እነዚህ ሁለቱ ካልተለዩ በሁለተኛው ቀን ማታ ጭቅጭቅ አይቀርም። ዋጋው በቀን እንጂ በሰው እንዳይሆንም አስተውሉ።

ሦስተኛ፦ ሾፌሩ ራሱ አስጎብኚ

ይቺ የብዙዎቻችን ምርጫ ናት። እውነት ለመናገር አልንቃትም። የከባድ መኪና ሾፌር ሆኖ ጂቡቲ መስመር ላይ አሥር ዓመት የሠራ ሰው ሚሌን፣ ሎጊያን፣ ሰመራን እንደ ቤቱ ያውቃል። የት ጥሩ ፍየል እንደሚጠበስ፣ የትኛው ምግብ ቤት ሆድ እንደማያጠፋ፣ ጎማ የት እንደሚለጠፍ ያውቃል። የመንገድ ወሬውም ትኩስ ነው።

ታሪክ ግን አትጠይቁት። አንዱ ባቲ ላይ ስላለው የድሮ መስቀያ እንጨት ስንጠይቀው ሦስት ጊዜ ሦስት የተለያየ ንጉሥ ሰቀለበት። የሚጣፍጥ ወሬ ነው፤ ልጆቹ ግን ትምህርት ቤት ሄደው ያወሩታል።

ደግሞ ሁለት ሥራ ላንድ ሰው ነው። ከባቲ ወደ ታች ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ በዚያ ላይ ግመል መሀል አስፋልት ይቆማል። ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ የሚያስጎበኛችሁ ከሆነ ዝም እንዲል ለምኑት።

አራተኛ፦ ቅብብሎሽ

የኔ ምርጫ ይኼ ነው። አንድ መኪና፣ አንድ ሾፌር፤ አስጎብኚው ግን በየቦታው ይቀየራል። ደሴ ላይ የደሴ ሰው፣ ሾንኬ ላይ የሾንኬ ሰው፣ ባቲ ላይ የባቲ ሰው፣ ሚሌ ወይም ሰመራ ላይ አፋር። ሲራራው ከግመል ወደ በቅሎ ሲያወራርድ ምን ያደርግ እንደነበር አስታወሳችሁ? ያው ነው።

ከዚያ ረቡዕ በኋላ የአክስቴን ልጅ ይዤ ሰኞ ተመለስኩ። ቀሪው ዘመድ ተናዶ ሄዷል። ባቲ ላይ የያዝነው ልጅ ሃያ ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው። እናቱ ኦሮሞ ናቸው፤ ከአፋር ልጆች ጋር ስላደገ አፋርኛውን ይለዋል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ግመል ተራ አስገባን። አንዱን ግመል በልጓሙ ሳብ አድርጎ አንገቱን አዞረልን። ፀጉሩ መሀል በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት አለ። ጣቴን ይዞ በጠባሳው ላይ አስኬደኝ። «ይሄ ባለቤቱ የየትኛው ጎሳ እንደሆነ ይናገራል። ቢሰረቅ፣ ቢጠፋ፣ በረሃ ላይ ያገኘው ሰው ይመልሰዋል» አለ። የግመሉ ባለቤት፣ ፀጉራቸውን በቅቤ የተቀቡ ሽማግሌ፣ ጎናችን ቆመው ይስቃሉ። ፎቶ ለማንሳት ልጁ እሳቸውን በአፋርኛ አስፈቀደ። እምቢ አሉ። አላነሳንም። ሻይ ግን አብረን ጠጣን።

ቁልቁል ስንወርድ ደግሞ ዳጉን አየሁ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ የሚለዋወጡት ወሬ ነው። ተጨባብጠው ቁጭ ይላሉ፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ መንገዱ እንዴት ነው ይባባላሉ። የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማስተላለፍ ግዴታ ነው። አፋሩ አስጎብኚያችን ሁለት ጊዜ መኪና አስቁሞ ወረደ። የአክስቴ ልጅ «ጊዜ ገደለብን» ብሎ አጉረመረመ። ሁለተኛው ላይ ተመልሶ «ወደፊት ያለው መታጠፊያ ላይ ከባድ መኪና ተገልብጧል፤ እዚህ ሻይ እንጠጣ» አለን። ጠጣን። የቀደመን ሚኒባስ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመ።

ለአሳይታ ይህ ግዴታ ነው ብል አላጋነንኩም። አሳይታ ያለችበት አውሳ የቆየ የሱልጣኔት አገር ነው። በ1577 እ.ኤ.አ. ኢማም መሐመድ ጋሳ መቀመጫቸውን ከሐረር ወደዚያ አዛወሩ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቴሲገር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አዋሽ የት እንደሚገባ ሊያይ ሲሄድ የአውሳውን ሱልጣን ሳያስፈቅድ አላለፈም። አዋሽ እንደምታውቁት ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ዛሬም አቤ ድረስ ልሂድ የሚል ሰው የአካባቢውን አስተዳደር ፈቃድ፣ የአፋር መሪና ጠንካራ ላንድ ክሩዘር ይዞ ነው መሄድ ያለበት።

የቅብብሎሹ ድካም ስልኩ ነው። አራት ሰው ማግኘት፣ አራት ዋጋ መነጋገር፣ አንዱ ሲቀር ሌላ መፈለግ። መታወቂያ የሌለውም ያጋጥማችኋል። ለዚህ የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ወይም ከታመነ ሰው ጥቆማ መውሰድ ይሻላል። መናኸሪያ ላይ እጃችሁን ይዞ የሚጎትት ደላላ ግን አስጎብኚ አይደለም።

ያለ አስጎብኚስ? ደሴና ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ይቻላል። ከዚያ ውጪ አልመክርም።

በአንድ ሰሌዳ

| መለኪያ | ሙሉ ጥቅል | የደሴ አስጎብኚና ኮንትራት | ሾፌሩ ብቻ | ቅብብሎሽ |
|---|---|---|---|---|
| ቋንቋና ትውውቅ | ደካማ | ደጋ ላይ ጠንካራ | በመንገዱ ዳር ብቻ | በሁሉም ቦታ ጠንካራ |
| የዕለቱ የመንገድ ወሬ | ከቢሮ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| የታሪክ ዕውቀት | በደንብ የተጠና፣ አጠቃላይ | ጥልቅ፣ እስከ ባቲ | ወሬ ይበዛዋል | እንደ ሰውየው |
| መኪናና ምቾት | ከሁሉ የተሻለ | እንደ ኮንትራቱ | መካከለኛ | እንደ ኮንትራቱ |
| ውልና ቅሬታ | በጽሑፍ አለ | ጠይቃችሁ አስጽፉ | በቃል | በቃል |
| ወጪ | ውድ | መካከለኛ | ርካሽ | መካከለኛ |
| የናንተ ድካም | የለም ማለት ይቻላል | ትንሽ | ትንሽ | ብዙ |

ለማን የቱ?

አያት፣ ሕፃን ወይም አገሩን የማያውቅ የውጭ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ሙሉ ጥቅሉን ግዙ። ግን ባቲ ላይ ለአንድ ቀን የአገሩን ልጅ ጨምሩበት። የሚጨመረው ገንዘብ ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም፤ ልዩነቱ ግን የውሻና የግመል ያህል ነው።

ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ካላችሁና በረሃ የማትወርዱ ከሆነ የደሴ አስጎብኚ ይበቃችኋል። ደሴ፣ ሐይቅ፣ ባቲ። ደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኮምቦልቻ ባቲ 40 ገደማ። አድራችሁ መንከራተት የለም።

ጓደኛሞች ሆናችሁ ኪሳችሁ ቀጭን ከሆነ የጂቡቲ መስመርን የሚያውቅ ሾፌር ያዙ። ባቲ ስትደርሱ ለግማሽ ቀን የአገር ልጅ ጨምሩ። ታሪኩን ቤታችሁ አንብባችሁ ኑ።

አሳይታ ድረስ የምትሄዱ፣ ወይም ለጥናትና ለፎቶ የምትመጡ፣ ቅብብሎሹን ነው የምመክረው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብቻ። ግንቦትና ሰኔ ላይ አፋር የሚወርድ ሰው ወይ ነጋዴ ነው ወይ ዕዳ አለበት። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር ውሃ ጫኑ፤ «እዚያ እንገዛለን» የሚል አስጎብኚ ካለ እሱን ትታችሁ ውሃውን ያዙ።

የከተማ ፍርስራሽ ማየት የሚያምራችሁ ደግሞ ወሎን ከመድረሳችሁ በፊት ሸዋ ላይ ቁሙ። በይፋት ተረተር ላይ አስባሪ፣ ኖራና መሳል የሚባሉ የመካከለኛው ዘመን ከተሞች ቅሪት አለ። ግድግዳቸው የቆመ መስጊዶች፣ የድንጋይ ቤቶች፣ መቃብሮች። ምልክት የሚያሳይ ሰሌዳ አትጠብቁ። ለዚያ የሚሆነው አራተኛው ምርጫ ብቻ ነው፤ የመንደሩ ሰው ካልመራችሁ ቁጥቋጦ አይታችሁ ትመለሳላችሁ።

ከአዲስ አበባ የምትመጡ ከሆነ ቀኑን እንዲህ ብታደርጉት ይገጥማል። ቅዳሜ ተነስታችሁ ሸዋ ሮቢት እደሩ። እሑድ የሰንበቴ ገበያ ነው፤ ጠዋት እሱን እዩ። ማታ ኮምቦልቻ። ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መኪናው በር ላይ ይቁም። ለባቲው ልጅ ግን እሑድ ማታ ደውሉለት፤ «ነገ ግመል ይገባል ወይ?» በሉት።